ቆመው የሚጫወቱት ቅልብልቦሽ

ቅልብልቦሽን ከወረቀት ላይ አንብቦ ለማስተማር የሚነሳ ሰው ሳይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ጨዋታው አምስት ጠጠርና አንድ እጅ ነው። ጠጠሮቹን መሬት ላይ ትበትኛለሽ፤ አንዱን ታነሺና ወደ ላይ ትወረውሪያለሽ፤ እሱ አየር ላይ እያለ ከመሬት አንድ ለቅመሽ፣ የተወረወረውን በዚያው እጅሽ ትቀልቢያለሽ። እንዲህ እያልሽ አራቱን አንድ በአንድ ትጨርሻለሽ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ ከዚያ አራቱን ባንዴ ጠርገሽ ታነሻለሽ። በመጨረሻ አምስቱንም ወርውረሽ በአይበሉባሽ ትቀበያለሽ፣ ከአይበሉባሽ ላይ መልሰሽ አጉነሽ በመዳፍሽ ትቀልቢያለሽ፤ የያዝሽው ጠጠር ያህል ነጥብ አገኘሽ። ከጣልሽ ተራሽ አለቀ። ስትለቅሚ ሌላ ጠጠር ከነካሽም ተራሽ አለቀ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ለመናገር ስድስት ገጽ የሚያስፈልገው ሰው ወይ ጨዋታውን ተጫውቶት አያውቅም፣ ወይ ለመጻፉ አበል ተከፍሎታል። የእኛ መምህር ሁለቱንም ነበር።

ያደግኩት አቃቂ ነው፤ የቀበሌ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙበት ግቢ ውስጥ። አምስት ቤተሰብ ነበርን፤ አንድ ቧንቧ፣ ከቧንቧው አጠገብ ደግሞ አንድ የሲሚንቶ ወለል ነበረን። ወለሉ የተሠራው ለልብስ ማጠቢያ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲደርቅ ግን የአክስቴ ነበር። አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ አላገባችም፣ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ትሠራለች። ማሽኑ ሳይቆም የተበጠሰ ክር ፈልጎ መቀጠል ነው ሥራዋ። ስምንት ሰዓት ያንን ስታደርግ የዋለች ሴት ከሥራ ወጥታ፣ እግሯን ታጥባ፣ ወለሉ ላይ ትቀመጥና «ማን ነው የሚሸነፈው ዛሬ?» ትላለች።

ለልጅ አታዝንም። ስድስት ዓመቴ ላይ ሳለሁ እንኳን አንድ ጊዜ ሆን ብላ አልተሸነፈችልኝም። እናቴ «ምናለ ብትለቂላት፣ ልጅ አይደለች?» ስትላት «እኔ ብለቅላት ነገ ማን ይለቅላታል?» ብላ ጠጠሮቹን ሰበሰበች። አንድ ሕግ ብቻ ደጋግማ ትነግረን ነበር። ጠጠር ከነካን ማንም ሳይነግረን እኛው ራሳችን «ነካሁ» ብለን ተራውን ማስረከብ አለብን። «ሌላ ሰው እስኪናገር ከጠበቅሽ ሌባ ነሽ» ትለን ነበር። በዚያ ወለል ላይ ዳኛ ኖሮ አያውቅም፤ አስፈልጎንም አያውቅም።

ከአክስቴ ቀጥሎ የምትችለው ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ነው፤ በግቢያችን በር ላይ ያለው ሱቅ የእነሱ ነው፤ ቤታቸውም ከሱቁ ጀርባ። አንድ ክፍል ነበር የምንማረው። ስትጫወት እጇ ድምፅ የለውም። እኔ ስለቅም ጥፍሬ ሲሚንቶውን ይቧጥጣል፤ እሷ ግን ጠጠሩ ራሱ ተነስቶ መዳፏ ውስጥ የገባ ይመስላል። እኔ ሦስተኛ ነበርኩ። ሦስተኛ መሆኔንም አውቅ ነበር፤ ማወቄ ግን ደስ አያሰኘኝም ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን የባህል ክበብ ኃላፊው መምህራችን የሦስት ቀን ስልጠና ሄዶ መጣ። ሲሄድ የሳይንስ መምህር ነበር። ሲመለስ ትከሻው ላይ የስልጠና ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ «ባለድርሻ አካላት» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የማይችል ሰው ሆነ። የወላጆች በዓል ሲደርስ የቅልብልቦሽ ውድድር እንደሚኖር በሰልፍ ላይ ነገረን። ጨዋታው እየጠፋ ነው አለ። እኛ በእረፍት ሰዓት ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ በአምስት ቦታ ተኮልኩለን ስንጫወት በየቀኑ እየረገጠን የሚያልፍ ሰውዬ ነው ይህን ያለው።

መመሪያ ጻፈ። ስድስት ገጽ። ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል የማባዣው ስቴንስል ላይ እንድገለብጥለት ለእኔ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ፣ በሩን ዘግቼ፣ በኩራት ተነፋፍቼ ስገለብጥ ዋልኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች ስለ ባህልና ስለ ልማት ነበሩ። አራተኛው ገጽ ተጫዋቾች ቆመው፣ ጠረጴዛ ላይ እንደሚጫወቱ ይናገራል። አምስተኛው የነጥብ አሰጣጥ ነው፤ ከመቶው አርባ ለጨዋታው፣ ሃያ ለፍጥነት፣ ሃያ ለባህል ልብስ፣ ሃያ ደግሞ «ለፈገግታና ራስን ለማስተዋወቅ»። ስድስተኛው ጥፋቶችን ይዘረዝራል፤ መጣል አለ፣ መናገር አለ፣ ጠረጴዛ መደገፍ አለ። ጠጠር መንካት የለም።

የለም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው ነገር ነው የተረሳው።

ስመልስለት መምህሩ «የጎደለ ነገር አይተሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእሱ ደግ ልሁንና፣ ጠይቆኛል።

«ምንም የለም መምህር» አልኩት።

ከቢሮው ስወጣ ጓደኛዬ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። «ምን ይላል ወረቀቱ?» አለችኝ።

«ያው የምናውቀውን ነው» አልኳት።

ወረቀቱ ሲባዛ ለተማሪ አልደረሰም። ለመምህራንና ለእንግዶች ነበር የተባዛው።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ መምህሩ ግቢያችን መጣ። ሱሪው የተተኮሰበት መስመር ስጋ ይቆርጣል። አክስቴ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር፤ እኔና ጓደኛዬም አጠገቧ።

«እትዬ፣ እንደ ባህል አዋቂ ከዳኞቹ ጋር እንዲቀመጡልን ፈልገን ነው» አላት።

«ባህል አዋቂ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ።»

«እኔ ፈታይ ነኝ።»

«ትሕትናዎ ነው እትዬ።»

«ትሕትና አይደለም፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬ ላይ አለ። ለመሆኑ መምህር፣ ይጫወቱታል?»

መምህሩ ሳቀ። በልጅነቱ እህቶቹ ሲጫወቱ ያይ እንደነበር ነገራት። አክስቴ «እንግዲያው ይቀመጡ፤ የሚዳኙትን ነገር አንድ ጊዜ እንኳን ይያዙት» ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ከቦርሳው ጋዜጣ አወጣ፣ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈ፣ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ጠጠሩን ወረወረና ሁለት እጁን ዘረጋለት። ጠጠሩ ጉልበቱን መትቶ ተንከባለለ።

«በአንድ እጅ ነው የኔ ልጅ» አለች አክስቴ። «አንቱ»ታው እዚያ ላይ አበቃ።

«ዋናው ግንዛቤው ነው እትዬ።»

«ግንዛቤውን ጣልከው፤ ቧንቧው ሥር ነው ያለው።»

ጓደኛዬ አፏን በሻሿ ሸፈነች። እኔም ሳቅኩ። መምህሩ ግን የሚከፋ ዓይነት ሰው አልነበረም፤ ስልጠና የወሰደ ሰው አይከፋውም። ተነስቶ ሱሪውን እያራገፈ ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ቆመው እንደሚጫወቱ አስረዳት።

«ለምን ይቆማሉ?»

«የክብር እንግዶቹ እንዲታያቸው ነው። ወንበር ላይ ሆነው መሬት ማየት አይመቻቸውም።»

«እንግዲያው እነሱ ከወንበር ይውረዱ» አለች አክስቴ። ቢሆንም ዳኛ ልትሆን እሺ አለች። «ግን ያየሁትን ነው የምናገረው» አለችው። እሱም «እሱማ ነው የሚፈለገው!» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ልብሴን ማዘጋጀት ያዝኩ። ለፋሲካ የተሰፋልኝ የሐበሻ ቀሚስ ነበረኝ። እናቴን አሳጠብኳት፣ አስተኮስኳት፣ ነጠላ ተበደርኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ፈገግታ ተለማመድኩ። ጠጠር ግን አልተለማመድኩም። ምን ያደርግልኛል? አርባ ነጥቡ ከልብሱና ከጥርሱ እኩል ነው። ዛሬ ሳስበው መምህሩን ለመናቅ ምን መብት አለኝ እላለሁ። እሱ ያላወቀውን ነው ያበላሸው፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።

የበዓሉ ቀን እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ዘግይተው መጡ። ወላጆች ፀሐይ ላይ ተሰጥተው፣ ሞንታርቦው ጆሯችንን ሲያደነቁረን ዋለ። ድንኳኑ የእንግዶቹ ብቻ ነበር። የክብር እንግዳው ሲመጣ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር በስልኩ ማውራት ነው፤ ቀጥሎ ያደረገው ንግግር። ባህሉን ያልጠበቀ ትውልድ ሥር እንደሌለው ዛፍ ነው አለ። ከዚያ የታሸገ ውሃ ጠጣ። አጨበጨብን፤ ለውሃው ይሁን ለዛፉ አላውቅም።

በየክፍሉ መሬት ላይ በተደረገው ማጣሪያ አልፈን ለመጨረሻው ዙር የደረስነው እኔና ጓደኛዬ ነበርን። መጀመሪያ ራሳችንን እናስተዋውቅ ተባለ። እኔ ማይኩን ይዤ «ቅልብልቦሽ የአብሮነታችንና የልማታችን መገለጫ ነው» አልኩ። ከሁለተኛው ገጽ ነው። ጥርሴን አሳየሁ። የክብር እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። ጓደኛዬ ማይኩን ተቀበለች። «ጨዋታ ነው። ደስ ይላል» ብላ መለሰችው።

የለበሰችው የዒድ ቀሚሷን ነበር፤ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አባቷ ከመርካቶ ያመጣላት። ካላት ሁሉ በጣም የምትወደው ልብስ ነው። መምህሩ አጠገቡ ላለው ዳኛ «ይኼ የባህል ልብስ አይደለም፣ ዘመናዊ ነው» ሲል ሰማሁት። ይህን ያለው ሰውዬ ከረባት አድርጎ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ የሳቲን ጨርቅ አልብሰውታል። ሳቲን! ጠጠሮቹ ሲበተኑ እንደ ሳሙና እየተንሸራተቱ ይራራቃሉ። ጓደኛዬ ቀድማ ጀመረች። አንድ አንድ ጨረሰች። ሁለት ሁለት፣ ሦስትና አንድ፣ አራቱን ባንዴ። ቆማ የተጫወተችበት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፤ ግን እጇ እንደልማዱ ድምፅ አልነበረውም። በአይበሉባዋ አምስቱንም ተቀበለች፤ አምስቱንም ቀለበች። ከኋላ የቆሙት ተማሪዎች ጮኹ። የክብር እንግዳው ስልኩን እያየ ነበር።

የእኔ ተራ ደረሰ። አንድ አንዱን አለፍኩ፣ ሁለት ሁለቱንም አለፍኩ። ሦስቱን ጠርጌ ሳነሳ ትንሿ ጣቴ አራተኛውን ጠጠር ነካችው። ጠጠሩ ሳቲኑ ላይ ሁለት ጣት ያህል ሸርተት አለ። ጓደኛዬ ከጎኔ ቆማ ነበር፤ አየች። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተናገረችም፤ መናገር የእኔ ነበርና። የአምስት ስድስት ዓመት ልማድ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ዋጥኩት። ጠጠሩን ወርውሬ ቀጠልኩ፤ ፈገግ አልኩም።

«ነክታለች» አለች አክስቴ ከዳኞቹ ወንበር።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ እንደ መመሪያው መንካት ጥፋት አይደለም» አላት።

«ነክታለች እኮ ነው የምልህ። ጠጠሩ ሄዷል።»

«ይገባኛል፤ ግን መመሪያው ላይ የለም።»

«ራሷን ጠይቃት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አክስቴ አላፈጠጠችብኝም፤ እንደማንኛውም ቀን ነበር ያየችኝ፣ ወለሉ ላይ ተራዬን ስትጠብቅ እንደምታየኝ። ያ ነው የባሰው። እኔም «መመሪያው ላይ የለም» አልኩ።

አክስቴ ተነሳች። ውጤት መስጫ ወረቀቷን መምህሩ ፊት አስቀመጠች። «እኔ ሃያ ዓመት የተበጠሰ ክር ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ተበጥሶ እያየሁት አልተበጠሰም ለሚባል ክር ሌላ ዳኛ ፈልጉ» ብላ ከድንኳኑ ወጥታ የጓደኛዬ አባት አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆመች።

በጠቅላላ ድምር አሸነፍኩ። በጨዋታው አርባ ለሰላሳ ነበር የበለጠችኝ፤ በቀሚስና በጥርስ ግን ድራሿን አጠፋሁት። ሽልማቱ ትልቅ ፔርሙዝ ነበር፤ የክብር እንግዳው ለፎቶ እጄን ይዞ ሲያበቃ ስሜን ተሳስቶ ጠራ። እናቴ እልል አለች። ከግቢያችን እልል ያለው ሰው እሷ ብቻ ነበር።

ጓደኛዬ የትምህርት ቤቱ በር ጋ አገኘችኝ። አላለቀሰችም።

«ስለ ልብሱ ታውቂ ነበር?»

«የቱ ልብስ?»

«ወረቀቱን አንቺ ነሽ የጻፍሽው» አለችና ሄደች።

ከዚያ ክረምት ገባ። አክስቴ አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም፣ ለአባቴም አልተናገረችም። ወለሉ በደረቀ ቀን ወጥታ ትቀመጣለች፤ እኔ መጥቼ ስቀመጥ ጠጠሮቹን ሰብስባ፣ ኪሷ ከታ፣ «እህ፣ የማጥበው ልብስ አለብኝ» ብላ ትነሳለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሐምሌን ሙሉ። ከፔርሙዙም አንድ ቀን ሻይ ቀድታ አልጠጣችም። ሻዩ ፔርሙዝ ውስጥ ካለ ውሃ ትጠጣለች። እናቴ «ምን ሆነሻል? ዕቃ ነው እኮ!» ስትላት «ሻይ ትቻለሁ» አለቻት።

ሱቅ ስላክ ጓደኛዬ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ትሸጥልኛለች። ስኳር ስላት ስኳር ትመዝናለች፤ «ሌላስ?» ትላለች። «ሌላ የለም» እላለሁ። ዓይኗ ከሚዛኑ ላይ አይነሳም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ አባቷ ከጓዳ ካርቶን ሲያራግፍ፣ «ሌላስ?» ስትለኝ ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«ነክቼ ነበር። ስለ ልብሱም አውቅ ነበር።»

ስኳሩን በላስቲክ አስራ ሰጠችኝ። «‹ነካሁ› የሚባለው ያኔ ነው» አለች። «አሁን ወሬ ነው።»

አባቷ ካርቶኑን አስቀምጦ አየን። ስኳሩን ይዤ ወጣሁ፤ ከሱቁ እስከ ቤታችን ያለችው አሥር እርምጃ እንደዚያ ቀን ረዝማብኝ አታውቅም። አክስቴ ወለሉ ላይ ነበረች። የተባልኩትን ነገርኳት፤ ለምን እንደነገርኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳቀች። ከበዓሉ ወዲህ የእኔ ነገር ሲያስቃት ያ የመጀመሪያ ነበር።

«እውነቷን ነው» አለች። «ወሬ ነው። ተቀመጪ።»

አሸነፈችኝ። አሥር ጊዜ ያህል ተጫወትን፣ አሥሩንም አሸነፈችኝ። በሰባተኛው ይሁን በስምንተኛው ጠጠር ነክቼ «ነካሁ» ስላት እጇን ዘርግታ ጠጠሮቹን ተቀበለችኝ እንጂ «ጎሽ» አላለችኝም። ጎሽ የሚያሰኝ ነገርም አልነበረውም።

ጓደኛዬ መስከረም ላይ ወደ ወለሉ ተመለሰች። የተመለሰችው ግን ለአክስቴ ብላ ነው፤ አክስቴ ናት ሱቁ ድረስ ሄዳ «ሰው አጣሁ፣ ነይ» ያለቻት። ከእኔ ጋር ስትጫወት አታወራም። ተራዋን ትጠብቃለች፣ ትጫወታለች፣ ታሸንፋለች፣ ጠጠሮቹን ታቀብለኛለች። ውድድሩ በዓመቱ እንደገና ሲመጣ መምህሩ ዕድገት አግኝቶ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛውሮ ነበር፤ ቦርሳውን ይዞ። እሷ አልተመዘገበችም። እኔም አልተመዘገብኩም፤ ይህን የምለው ግን እንዲመሰገንልኝ አይደለም፤ ቀሚሱ ጠቦኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ሳለን እነሱ ወደ ሳሪስ ተዛወሩ። አሁን እዚያ የራሷ ሱቅ አላት፤ የቤት ዕቃ ትሸጣለች። አሁን ከምኖርበት ከቃሊቲ ወደ ከተማ ስሄድ አንዳንዴ ከታክሲ ወርጄ እገባለሁ። ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ አክስቴ ጉልበት እናወራለን። ወንበር ታወጣልኛለች፣ ሻይ ታስመጣልኛለች። ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም። ሰው ሲጠይቃት «አብሮ አደጌ ናት» ትላለች። «ጓደኛዬ ናት» ስትል ግን ሰምቼ አላውቅም፤ እንድትል የምጠብቅበት ምክንያትም የለኝም።